ሰማንያኛው ቀንና የብሪጅታውን ማህተም

ልሄድ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ፣ ላሞች ከሚታለቡበት ሰዓት ጀምሮ የዲማ ጎረቤት ሁሉ ቤቴ ገባ። ሊሰናበቱኝ መጥተው ነው፤ ዝምታቸው ግን የለቅሶ ቤት ዝምታ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ የገንፎ ዱቄት በከረጢት እቋጥራለሁ፣ ቅቤ በቅል አድርጌ አፉን በጨርቅ አስራለሁ፣ ቋጠሮው ይፈታል፣ እንደገና እቋጥራለሁ።

ጎረቤቴ አንጓች አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና፣ "ለአንድ አራስ ብለሽ ባሕር ልትሻገሪ ነው?" አለችኝ።

"አራሷ ልጄ ናት።"

"ልጅሽ መሆኗንማ አውቃለሁ፤ ያዋለድሁሽ እኔ ነኝ። እዚያ አገር ሴት አይወልድም? አዋላጅ ጠፍቶ ነው?"

"የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። እሷ መምጣት ካልቻለች ቤቱ ይሂድላት።"

"እንግዲያ ቤቱን ተሸክመሽ ሂጂያ፤" አለችና ሳቀች፤ ሰውም እሷን ተከትሎ ሳቀ። ያን ሳቅ እስካሁን አመሰግናታለሁ፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ያን ማታ ሐሳቤን ለውጬ እቀር ነበር።

ልጄ የሻረግ የቄስ ደሳለኝ ሚስት ናት። አማቼ ዲማ ቅኔ ተቀኝተው፣ አዲስ አበባ ወርደው ዘመናዊውንም ተምረው፣ ከዚያ ባርቤዶስ ወደምትባል ደሴት ተላኩ። ከአፍሪካ ተወስደው የተሸጡ ሰዎች የልጅ ልጆች የሚኖሩባት አገር ናት፤ ሃይማኖታችንን ወደው ካህን ላኩልን ብለው ነው። መጀመሪያ "ባሕር ማዶ" ሲሉኝ ከምጽዋ ትንሽ ወዲያ ማዶ መስሎኝ ነበር።

ለምን እንደፈራሁ ግን ያን ማታ ለማንም አልነገርሁም። ከየሻረግ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ። በሰባ አራተኛ ቀኗ ጠዋት አጥብቼ አስተኛኋት፤ ልቀሰቅሳት ስመለስ በርዳ አገኘኋት። ክርስትና ሊያነሷት ስድስት ቀን ነበር የቀራት። ስም ስላልወጣላት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አላሳረፏትም፤ ከጓሯችን ኮሶ ሥር ናት። የሻረግ ይህን አታውቅም። እኔ ግን ልጄ አረገዘች የሚል ደብዳቤ ከመጣ ቀን ጀምሮ የምቆጥረው እስከ መውለጃዋ ያለውን ቀን አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ነበር። ሴት ከሆነች ሰማንያው ሞልቶ በዓይኔ ሳላይ አልመለስም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

የየሻረግ አባት ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ "መቼ ትመለሻለሽ?" አሉኝ።

"ለኅዳር ሚካኤል።"

"ታቦቱ ሲነግሥ እንድትደርሺ፤" አሉ። ጎህ ሳይቀድ በቅሎዋን ጭነው እስከ አውቶቡሱ መቆሚያ ሸኙኝ።

ፓስፖርት ሲያወጡልኝ የሆነውን ልንገራችሁ። ጸሐፊው ከጠረጴዛው ቀና ሳይል "የተወለዱበት ቀን?" አለኝ።

"በጾመ ፍልሰታ።"

"ዓመቱ?"

"አንበጣ የገባ ዓመት።"

"እናቴ፣ አንበጣ ስንቴ ገብቷል፤ የቱ?"

"ትልቁ።"

ተንፈስ ብሎ አንድ ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜዬ ያ ቁጥር ሆነ። ቀንን የሚሠራው የጽሕፈት ቤት ሰው መሆኑን ያኔ ነበር ማወቅ የነበረብኝ።

የዓባይን በረሃ ዓይኔን ጨፍኜ አለፍሁት። አውሮፕላኑንም እንዲሁ። ሎንዶን ላይ የአማቼ የትምህርት ጓደኛ ተቀብሎኝ፣ ስሜንና የምሄድበትን አገር በእንግሊዝኛ ጽፎ ወረቀቱን በመርፌ ቁልፍ ደረቴ ላይ አያያዘልኝና፣ ሙዝ ልታመጣ ወደዚያ የምትሄድ መርከብ ላይ አሳፈረኝ። እንደ ተላከ ዕቃ ነበር የተጓዝሁት። ያ ሰው ውለታው ብዙ ነው፤ መርከቧ እስክትንቀሳቀስ ድረስ ዝናብ እየመታው ቆሞልኛል።

ባሕር እንዲህ ነው ብሎ ለዲማ ሰው መንገር ከባድ ነው። የክረምት ጭጋግ ሸለቆውን ሲሞላውና እኛ ከላይ ሆነን ስናየው ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው፤ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ጠዋት ተነሥቶም አይገፈፍም። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም አልነበረም፤ ሥጋውን ግን ማን ባርኮ እንዳረደው ስለማላውቅ አልነካም አልሁ። ወጥ ሠሪው ነጭ ሰውዬ መጥቶ ሳህኔን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ሄደና የተቀቀለ ድንችና ዕንቁላል ይዞ መጣ። ቋንቋ ሳንነጋገር እስከምንደርስ ድረስ በየቀኑ እንዲህ አደረገልኝ። ልወርድ ስል እጁን ልስም ጎንበስ ብል ደንግጦ እጁን ከኋላው ደበቀ።

በሰኔ አምስት ቀን ጠዋት ብሪጅታውን ደረስን። ድንጋጤዬ የጀመረው ገና ከመርከቧ ሆኜ ነው። አማቼ ለአገልግሎት ወደ ሌላ ደሴት ስለሄዱ የሚቀበለኝ ሌላ ሰው መሆኑን በደብዳቤ አውቄ ነበር። ከወደቡ ሕዝብ መሐል አንዲት ረጅም ጥቁር ሴትዮ የእኛን ነጠላ ለብሳ ቆማለች። ነጠላውን አየሁና ደስ አለኝ፤ ቀረብ ስል ግን ያዘቀዘቀችው ሆኖ አገኘሁት። ጥለቱ ወደ ላይ አንገቷ ላይ ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው አለባበስ ነው። ልጄ ሞታ ልታረዳኝ የመጣች ናት ብዬ ደረቴን መምታት ጀመርሁ።

ሴትዮዋ ግር ብሏት ሮጣ መጣችና አቀፈችኝ። "የሻረግ! የሻረግ!" ትላለች፤ ስሙን ስትጠራ ይብስ አለቀስሁ። ኋላ ሆዷን በእጇ ክብ አድርጋ አሳየችኝና ሳቀች። በጥርሷ ሳቅ ነው ያመንኋት። እትዬ ኤድና ትባላለች፤ በአማቼ እጅ የተጠመቀች፣ የልጄ ጎረቤት ናት። ከበሩ ኋላ ሰቅላው የኖረችውን ነጠላ እኔን ለማክበር ብላ እንደመጣላት ነበር የለበሰችው።

የዕቃ ፈታሹ ደግሞ ዱቄቴን ነቀዝ አለው ብሎ ወሰደብኝ። ቅሉን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ምንድን ነው ሲለኝ ራሴን አመለከትሁት፤ የአናት ቅቤ ማለቴ ነው። እብድ ነኝ ያልሁት መሰለው መሰል፣ ቶሎ ከደነና ሂጂ አለኝ። ሌላ ሹም ፓስፖርቴ ላይ ማህተም መታ። እሱን በመቀነቴ ቋጥሬ ወገቤ ላይ አሰርሁት።

የልጄን ቤት ሳይ አንጓች ትዝ አለችኝ። እዚህ የድሃ ቤት ከእንጨት ተሠርቶ በተደረደረ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል እንጂ መሬት ውስጥ አይተከልም። መሬቱ የባለ ሸንኮራው ስለሆነ፣ ሂዱ ሲሏቸው ቤታቸውን ነቅለው በጋሪ ጭነው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀኔ ቤት ከነመስኮቱ በመንገድ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ፤ ባለቤቷ ድስቷን በእጇ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። አንጓች ሆይ፣ ቤት መሸከም ይቻላል።

ሙቀቱ ከዓባይ በረሃ አይለይም፤ ግን ነፋስ አለው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አማቼ ሲመለሱ እሳቸው ፊት መብላት ስለሚያሳፍረኝ ሳህኔን ይዤ ከጓሮ ደረጃ ላይ እቀመጥ ነበር። እትዬ ኤድናም የራሷን ሳህን ይዛ ከራሷ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። ወዳጅነታችን የተጀመረው በዚህ ነው፤ እሷ በእንግሊዝኛ እኔ በአማርኛ፣ ሁለታችንም ስለ ወገብ ሕመማችን።

በመጣሁ ማግስት የሻረግን ማህተሙን አንብቢልኝ ብያት አነበበችው። ደብረ ማርቆስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች።

"ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ድረስ ይላል። ሴፕቴምበር መስከረም ነው። እማ፣ መስከረም አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው።"

ሚካኤል መሆኑን ስሰማ ማህተሙን ሳምሁት። መልሼ በመቀነቴ ቋጠርሁና ከዚያ ወዲያ ለማንም አላሳየሁም። ስታጠብ እንኳ ከዓይኔ አይርቅም ነበር።

በሰኔ ሃያ ስድስት ቀን በጠራራ ፀሐይ ልጄ ሴት ልጅ ተገላገለች። ለሴት የሚገባውን ሦስት እልልታ ከበሩ ላይ ቆሜ አቀለጥሁት፤ ጎረቤቱ ቤት ተቃጠለ ብሎ ባልዲ ይዞ መጣ። ዱቄቴ ተወስዶ የለም፤ አራስ ያለ ገንፎ ልትቀር ነው ብዬ ስብሰለሰል እትዬ ኤድና ድስት ጣደች። የበቆሎ ዱቄት በጠፍጣፋ እንጨት እያማሰለች፣ እየመታች፣ እየገለበጠች፤ ትከሻዋ የእኛ ሴት ትከሻ መሰለኝ። ኩኩ ይሉታል። ባሚያ የሚባል የሚያዳልጥ አትክልት ይጨምሩበታል እንጂ ገንፎ ነው። መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤዬንና በርበሬዬን ሞላሁበት። እትዬ ኤድና ቀመሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በርበሬው ነው።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ብቻ ሆነ። ሕፃኗ ስትተኛ ትንፋሿን በጉንጬ አዳምጣለሁ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። የሰባ አራተኛው ቀን መስከረም አራት ዋለ፤ ያን ቀን ከእቅፌ አላወረድኋትም። የሻረግ "እማ፣ ምን ሆነሻል? አስቀምጪያት እንጂ" ብትለኝ ወገቤን አሞኝ ነው አልኋት። ሲነጋ ሕፃኗ አፏን ከፍታ ስታዛጋ አየሁና ክፉው ቀን አለፈ አልሁ።

በዚያው ዕለት አማቼ እንደገና ሄደውበት ከነበረው ደሴት ተመለሱና የመመለሻ መርከቤን ሊያነጋግሩ ፓስፖርቴን ጠየቁኝ። ፊቴን አዙሬ ከመቀነቴ ፈታሁት። አዩት፣ አገላበጡት።

"እናቴ፣ ይህ ቀን አልፏል።"

"አባቴ፣ ዛሬ ገና አምስት ነው።"

"ለእኛ ነው አምስት። እነሱ ዛሬ አሥራ አምስት ብለዋል። የእነሱ ወር ከእኛ አሥር ቀን ይቀድማል።"

የሻረግ ሕፃኗን እንደታቀፈች ተቀመጠች። "ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርሁት ለዚህ ነው?" አለች፤ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ከሷ ይልቅ ራሴን ረገምሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ለሰው አሳይቼው ቢሆን ኖሮ።

በማግስቱ አማቼ፣ እትዬ ኤድናና እኔ ብሪጅታውን ሄድን። መጀመሪያ ስደርስ ድንጋጤ ዓይኔን ይዞት ምንም አላየሁም ነበር። የጥንት ከተማ ናት። ባሕሩ ጎዳና ይመስል ከከተማው መሐል ገብቶ ተኝቷል፤ ባለ ሸራ ጀልባዎች ከሱቅ በር ላይ ታስረው ድንች ያራግፋሉ። ሕንፃው ከባሕር ከወጣ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ ቀረብ ብለው ካዩት ቀንድ አውጣና ዛጎል ውስጡ ይታያል። እንግሊዞች የተዉት መድፍ በየማዕዘኑ አፉን ወደ ባሕር አዙሮ ቆሟል፤ ልብስ ያሰጡበታል። ሴቶቹ ትሪ በራሳቸው ተሸክመው ይጣራሉ፤ ዓይኔን ብጨፍን የደብረ ማርቆስ የቅዳሜ ገበያ ነው። አማቼን ባዩ ቁጥር መስቀል የሚሳለሙ አሉ፤ ስለ ጃንሆይ የሚጠይቁ አሉ። እኔን "ማማ" እያሉ ብርቱካን ያስይዙኛል።

የኢሚግሬሽኑ ሹም ቁምጣ ለብሶ፣ ነጭ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ ተቀምጧል። እኛ አገር ቁምጣ የአራሽ ልብስ ነውና ይህስ የእኛው ሰው ነው ብዬ ትንሽ ደፈር አልሁ። አማቼ እያስተረጎሙ ተነጋገርን።

"ሴትዮዋ ቀናቸውን አሳልፈዋል፤" አለ።

"አላሳለፍሁም ይበሉልኝ። የተጻፈልኝ ለሚካኤል ነው፤ ገና ስድስት ቀን ይቀረኛል።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በእርሳሱ ነካ ነካ አደረገ። "ዛሬ አሥራ ስድስት ነው።"

"ስድስት ነው።"

"ማን ነው ስድስት ያላቸው?"

"ኢትዮጵያ በሙሉ።"

እርሳሱን አስቀመጠ። "ዓመቱስ?"

አማቼ ዓመታችንን ነገሩት። በጣቱ ቆጠረና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "እኛ ነፃ ከወጣን አራት ዓመት ሊሞላን ነው። በእሳቸው ግን ነፃ ለመውጣት ገና ሦስት ዓመት ይቀረናል። ስለዚህ እኔ እዚህ ወንበር ላይ አልተቀመጥሁም። የተቀመጠው እንግሊዛዊ ነው፤ ሄደው እሱን ይለምኑት።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አማቼም ሳቁ። እኔ ትርጉሙ እስኪደርሰኝ ድረስ ሊያስሩኝ የተስማሙ መስሎኝ የእትዬ ኤድናን እጅ ያዝሁ።

"ቅዳሜ መርከብ አለ፤ በሱ ይሂዱ፤" አለ።

"እሑድ የልጅ ልጄ ሰማንያዋ ነው። ክርስትና ትነሣለች።"

"ዓርብ ያንሷት።"

"ሰማንያው ሳይሞላ አይሆንም።"

"አክስቴ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፤ አርባ ሲባል ነው የሰማሁት።"

"እሱ ለወንድ ነው።"

"ወንድ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ድሮ አልቆ ነበር ማለት ነው።"

"አዎ።"

"እንግዲያ ጥፋቱ የሕፃኗ ነው፤ የሷን ፓስፖርት ያምጡ።"

ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ አሁን ሳስበው እስቃለሁ። ያኔ ግን ቅዳሜና እሑድ መሐል ያለችው አንዲት ሌሊት አስፈራችኝ። ለልጄ እንኳ ነግሬ የማላውቀውን ለዚያ ባለ ቁምጣ ነገርሁት። ስለ ሰባ አራተኛው ቀን፣ ስለ ኮሶው ዛፍ፣ ስም ስላልወጣላት ልጄ። ተናግሬ ስጨርስ አማቼ አልተረጎሙም። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም ዛሬ መስማታቸው ነው። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና በዝግታ ተረጎሙለት።

ሹሙ ፓስፖርቴን ዘጋ። "ከምሳ በኋላ ይመለሱ። አለቃዬን ልጠይቅ።"

እስከዚያ እትዬ ኤድና ወደ ወደቡ ይዛን ሄደች። የድንጋይ ደረጃ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ መሐል መሐሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። እዚያ ስትደርስ ባርኔጣዋን አወለቀች።

"የቅድመ አያቴ እናት የወረደችው በዚህ ነው ይሉናል፤" አለች፤ አማቼ ተረጎሙልኝ። "ልጅ ነበረች። በሰንሰለት ነው ያመጧት።"

"ስሟ ማን ነበር?"

"ገዢዋ ያወጣላትን እናውቃለን። እናቷ ያወጣችላትን የሚያውቅ የለም።"

እግሬ ሥር ያለውን ደረጃ አየሁ። እኔ በሰኔ የወረድሁት ደረቴ ላይ ስሜ ተጽፎ ነበር። ድንች የሚቀቅልልኝ ነበረ፤ የሚያቅፈኝ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

እትዬ ኤድና እጄን ጨበጥ አድርጋ፣ "አይዞሽ፤" አለችኝ። ይችን ቃል ከልጄ ተምራለች። ቀጥላም በራሷ ቋንቋ፣ "እሷን ቀንሽ አልፏልና ወደ አገርሽ ተመለሽ የሚላት ሹም ቢመጣላት ጫማውን ትስም ነበር፤" አለች።

አማቼን "ይጸልዩላት እንጂ፤" አልኋቸው።

"ስሟን አናውቅም እናቴ። ፍትሐት በስም ነው።"

"ጸሎት ያለ ስም አይደርስም?"

አማቼ መስቀላቸውን አነሡና "ስሟን አንተ የምታውቃት" ብለው ጀመሩ። ለአንዲቱ ብለው ነበር የጀመሩት፤ መሐል ላይ ሲደርሱ ግን "ስማቸውን አንተ የምታውቃቸው" ሲሉ ሰማሁ። ወደ እኔ አላዩም። እኔም ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁ። ኮሶው ሥር ላለችው የተጸለየው ያን ቀን ነው፤ ከዲማ ይህን ያህል ርቆ፣ በማላውቀው ወደብ፣ በዓሣ ነጋዴዎች ጩኸት መሐል። ለዚህ ነው ያችን ከተማ ሰው ክፉ ሲያነሣት የማልወደው።

ስንመለስ ሹሙ ማህተሙን አዘጋጅቶ ጠበቀን። መታና ፓስፖርቱን ለአማቼ ሰጣቸው። አማቼ አዩት፣ በከንፈራቸው ቆጠሩ፣ ፈገግ አሉ።

"ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት ይላል።"

"ስንት ነው ለእኛ?"

"መስከረም አሥራ ሁለት።"

ሹሙ ካላንደሩን በእርሳስ አመለከተን፤ አሥሩን ቀን አንድ በአንድ ነክቶ ቆጥሮት ኖሯል። "ለሚካኤል የተጻፈልኝ ብለው የለ? ከእንግዲህ ለሚካኤል ነው፤" አለ። "እሑድ ዕለት ለእኔም ጸልዩልኝ። ስሜ በሩ ላይ ተጽፏል።"

እሑድ መስከረም አሥር ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች። ከዲማ ያመጣሁትን ጸበል አማቼ ከደሴቲቱ ውኃ ጋር ባረኩት። የክርስትና እናቷ እትዬ ኤድና ናት፤ ነጠላዋን እኔው ራሴ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ አለበስኋት። ዋዜማውን የሻረግ ከጎኔ ተቀምጣ "ለዚያችኛዋ ምን ብለሽ ስም ልታወጪላት ነበር?" ብላኝ ነበር። ባሏ ነግረዋታል ማለት ነው። "እናኑ" አልኋት። አሁን በቤታችን እናኑ የምትባል አለች፤ ስትጠራ ሮጣ ትመጣለች።

የመመለሻዬ መርከብ ለዚያው ሚካኤል ነበረች። ከዚያ በፊት የሻረግ ትኩሳት ይዟት ተኛች፤ ሹሙ ሌላ ማህተም መታልኝ። ስትድን የዝናቡ ማዕበል መጣ፤ ሌላ ማህተም። ከዚያ ሁለተኛው ተረገዘ። ወንድ ሆነ፤ በአርባው ሲጠመቅ ሹሙ ከአክስቱ ጋር መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር። እነሆ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የዚህ አገር ጥጥ ክሩ ረጅም ነው፤ እንዝርት አስቀርጬ እየፈተልሁ ለምእመናኑ ነጠላ አደርሳለሁ። ማዘቅዘቅ ምን እንደሆነም አስተምሬያቸዋለሁ። እንደ እኔ ባሕር የተሻገራችሁ ካላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ወረቀታችሁን አትደብቁ፣ ለሰው አሳዩ፤ የሚረዳችሁ ሰው አይጠፋም።

ባለፈው ጥር ብሪጅታውን ስልክ ቤት ገባሁ። ለየሻረግ አባት ቀኑን በደብዳቤ ነግረናቸው፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን፣ ደብረ ማርቆስ ወጥተው ይጠብቁኛል። ጠዋት ነው፤ እዚያ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እንደ ወንፊት ዝናብ የሚንሿሿ ነገር መጣ፤ ከውስጡ ድምፃቸው ወጣ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። አንቱ ደኅና ነዎት?"

"ደኅና ነኝ። ምነው ከጉድጓድ ትናገሪያለሽ? ቦራዋ ላም ወለደች።"

"ምን ወለደች?"

"ጥጃ ነዋ። ሌላ ምን ትውለድልሽ?"

"ወይፈን ነው ጊደር ማለቴ ነው።"

"ጊደር ናት። ኮሶውን አጥሬዋለሁ። ከብት እንዳይረግጠው።"

ስለ ጸሎቱ በደብዳቤ ጽፌላቸው ነበር። "አንጓች ምን ትላለች?" አልሁ።

"ቤቱን ተሸክማ ቀረች ትላለች።" ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። "መቼ ትመጫለሽ?"

"ለሚካኤል።"

የሚንሿሿው ነገር ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

"የየትኛው ወር?" አሉኝ።

አፌን ከፈትሁ። ኅዳር ልበል፣ ሰኔ ልበል እያልሁ ሳለሁ ስልክ ቤቱ ያለችው ልጅ እጇን ዘርግታ ሰዓቱ አልቋል አለችኝ። እኔ ግን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁት ቆየሁ፤ ከደብረ ማርቆስ በኩል የሚጠብቅ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር።